ያልተመለሰው መቶ ዘጠና ስድስት

እርሳስና ወረቀት አጠገባችሁ ካለ፣ ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት አንድ ትንሽ ነገር እንድትሠሩልኝ እለምናለሁ። አንድ ቁጥር ያዙ፤ ለምሳሌ 57። ገልብጡት፣ 75 ይሆናል። ሁለቱን ደምሩ፣ 132 ይመጣል። እሱንም ገልብጣችሁ ከራሱ ጋር ደምሩት፤ 363 ታገኛላችሁ። ይህ ቁጥር ከግራም ቢያነቡት ከቀኝም ቢያነቡት ያው ነው። የሒሳብ መምህራችን ጋሼ ጴጥሮስ እንዲህ ያሉትን ቁጥሮች «ደርሶ መልስ» ይሏቸው ነበር። እኔን ከሰው ያጣላኝና ዛሬም ድረስ ያልለቀቀኝ አንድ ቁጥር ግን አለ፤ እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ይህ የገጠመኝ ከስድስት ዓመት በፊት ሆሳዕና ውስጥ፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ቤታችን ከከተማው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነበር። አባቴ ላምቤቦ ገበሬ ነው፤ ፊደል አልቆጠረም፣ ከሀዲይኛ ውጭም ብዙ አይሆንለትም። ስለዚህ የትምህርት ቤት ውሎዬ ለእሱ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ብቻ ነበር፤ እኔ በምነግረውና ጋሼ ጴጥሮስ በሚነግሩት።

ጋሼ ጴጥሮስ የአንጋጫ አካባቢ ሰው ናቸው። አጠር ያሉ፣ በኮታቸው የደረት ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ጠመኔ የሚይዙ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ በእኛው ቤተ ክርስቲያን የሚዘምሩ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ለእርሻ ሥራ ከትምህርት ቢያስቀረኝ፣ በጭቃ በእግራቸው ቤታችን ድረስ መጥተው ግማሽ ቀን ተከራክረው መልሰውኛል። አባቴ ከዚያ በኋላ «የልጄ ሁለተኛ አባት» ይላቸው ነበር። እኔም በልቤ እንደዚያው አያቸው ነበር። ጥያቄ ሲጠይቁ መልሱን ባላውቀው እንኳ እጄን አወጣ ነበር፤ ሲያዩኝ ደስ እንዲላቸው።

ደርሶ መልስ ቁጥሮችን ያስተማሩን በዚያ ዓመት ነው። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ 4554 ጻፉና ለአሥራ አንድ አካፍሉ አሉን። ያለ ቀሪ ተካፈለ። 1221ም፣ 7007ም ተካፈለ። ባለ አራት አሃዝ ደርሶ መልስ ሆኖ ለአሥራ አንድ የማይካፈል ያገኘ ነገ ክፍል አይጠርግም አሉ። ክፍሉ በሙሉ እስከ ማታ ደወል ሲያካፍል ዋለ፤ ማንም አላገኘም። በማግሥቱ ምክንያቱን አሳዩን። 4554 ማለት አራት ጊዜ 1001 እና አምስት ጊዜ 110 ነው፤ ሁለቱም ደግሞ ለአሥራ አንድ ይካፈላሉ። ስለዚህ የትኛውንም ብትወስዱ ማምለጫ የለውም። ከዚያ በፊት ሒሳብ ለእኔ የሚታዘዙት ትእዛዝ ነበር። ያን ቀን ግን ትእዛዙ ራሱ ምክንያት እንዳለው አየሁ።

ሰኔ ሲገባ ጋሼ ጴጥሮስ አንድ ትልቅ ሥራ አመጡ። ከአንድ እስከ ሁለት መቶ ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ እየገለበጥን እየደመርን ደርሶ መልስ እንድናደርሳቸው፣ ውጤቱም በትልቅ ወረቀት ላይ ተጽፎ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል። ሥራውን እንደ ደቦ ከፋፈሉት፤ ለአርባችን አምስት አምስት ቁጥር። ከጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቢሮ ኢንስፔክተር ሰኞ ይመጣል ተብሎ ነበርና፣ ለእሱ የሚታይ ነው አሉን።

ኢንስፔክተሩ የሚመጣው ሌላም ጉዳይ ይዞ ነበር። አዲስ አበባ ካለ አዳሪ ትምህርት ቤት ለክፍላችን አንድ ቦታ ተሰጥቶ ነበር። ምግብ፣ መኝታና ልብስ በመንግሥት። ከክፍሉ አንደኛ የምወጣው እኔ ስለነበርኩ ስሜ ተላልፏል፤ የቀረው ኢንስፔክተሩ አይቶኝ መፈረሙ ብቻ ነበር። ያ ቦታ ባይኖር ዘጠነኛ ክፍል የምማርበት አቅም አባቴ አልነበረውም። ይህን ቤታችን ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ እናቴ ስለ እሱ ጾማለች።

ከደረሱኝ ቁጥሮች አንዱ 89 ነበር። ሃያ አራት ጊዜ ገልብጬ ደምሬ 8813200023188 ላይ ሲመለስ ከደስታዬ የተነሳ ጮኽኩ። ጋሼ ጴጥሮስም ደብተሬን ከፍ አድርገው ለክፍሉ አሳዩ። አጠገቤ የሚቀመጠው ሱላሞ ግን አንገቱን ደፍቶ ነበር። ለእሱ 196 ደርሶት ስምንት ጊዜ ደምሮ ሰልችቶታል።

«ይኼ ደርሶ መልስ አይደለም፤ ሄዶ ቀሪ ነው» አለኝ። «ሾኔ ገበያ ሄዶ እዚያው አግብቶ የቀረ ዘመድ አለን፤ እንደ እሱ።»

ጋሼ ጴጥሮስ ሰምተው ሳቁና 196ን ወደ እኔ አዛወሩት። ዓርብ ነበር። «ማቴዎስ ካልመለሰው ማንም አይመልሰውም» አሉ። ይህች ቃል ሁለት ቀን አላስተኛችኝም ብል አልዋሽም።

ቅዳሜን ሙሉ ቀን እንሰቱ ጥላ ሥር ተቀምጬ ደመርኩ። እንዳልሳሳት አንድ ማረጋገጫ በራሴ አገኘሁ። በእያንዳንዱ መስመር ያሉትን አሃዞች እደምራለሁ፤ ድምሩ ከአንድ አሃዝ ከበለጠም አሃዞቹን መልሼ እደምራለሁ፣ አንድ አሃዝ እስኪቀር። 196 ሲደመር አሥራ ስድስት፣ ከዚያ ሰባት። ቀጣዩ መስመር 887 አምስት ይሰጣል። ቀጣዩ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስምንት፣ ከዚያ እንደገና ሰባት። ሰባት፣ አምስት፣ አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፤ እንደ ወፍጮ ይዞራል። ቁጥር ቢገለበጥ የአሃዞቹ ድምር ስለማይለወጥ፣ እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን እጥፍ እንዲያደርግ ግድ ነው። ሦስት፣ ስድስትና ዘጠኝ ከዚህ ዙር ውስጥ ፈጽሞ አይገቡም። ከመጡ ድምሩ ላይ ስህተት አለ ማለት ነው።

እሑድ ማለዳ ስልሳኛው መስመር ደረስኩ። ቁጥሩ የደብተሩን ገጽ ከዳር እስከ ዳር ይሞላ ነበር። አልተመለሰም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጋሼ ጴጥሮስን ጠብቄ ደብተሬን ሰጠኋቸው፤ ያንን የሚዞር ነገርም እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ፊታቸው ጨለመ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ለቢሮው በላኩት ደብዳቤ ላይ ሁለት መቶውም ቁጥሮች እንደተመለሱ አስቀድመው ጽፈዋል። የዱራሜ ትምህርት ቤት ዲሬክተርነት ክፍት ነበር፤ እሳቸውም አመልክተው ነበር።

«ደክሞሃል» አሉኝ። «ሂድ እረፍ። ወረቀቱን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ከደወሉ በፊት ክፍል ገባሁ። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ በጋሼ ጴጥሮስ ውብ የእጅ ጽሕፈት፣ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የሠራው ተማሪ ስም አለ። ዓይኔ ቀጥታ ወደ ታች ሄደ። 196፤ ማቴዎስ ላምቤቦ፤ በአሥራ አራተኛው መስመር ተመልሷል፤ 227575722።

ለአንድ አፍታ አምልጦኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ አሃዞቹን ደመርኳቸው። ሠላሳ ዘጠኝ፤ አሥራ ሁለት፤ ሦስት። ሦስት ሊመጣ አይችልም። ከመልሱ በላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ድምር አየሁ፤ 111589511 ሲደመር 115985111። በደብተሬ ላይ የመጣው 227574622 እንደነበር አስታወስኩ። ከእውነተኛው ቁጥር ሁለት አሃዞች በአንድ በአንድ ከፍ ተደርገዋል። በእጅ ያልተያዘ አንድ፣ ሁለት ጊዜ ተጨምሯል። በዚያች ብቻ ቁጥሩ ደርሶ መልስ ሆነ።

ጋሼ ጴጥሮስ ሲገቡ ቀርቤ አሥራ አራተኛው መስመር ላይ ስህተት አለ አልኳቸው።

«አይቼዋለሁ» አሉ።

ብዕራቸውን የሚያወጡ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን በሩን ገርበብ አደረጉና ዝቅ ባለ ድምፅ አወሩኝ። ሰውየው የሚቆየው አንድ ሰዓት ነው። ማን ቁጭ ብሎ ይደምራል? ደግሞም ሁለት አንድ ናት፤ ማንንም አትገድልም።

«ባዶ ቢሆን ምን አለበት ጋሼ?» አልኩ።

«ከሁለት መቶ አንዱ ቢጎድል ሰው ስለ መቶ ዘጠና ዘጠኙ አይጠይቅም። ስለ አንዱ ነው የሚጠይቀው። ከዚያ ያንተም ወረቀት ሳይፈረም ይመለሳል።» ትከሻዬን ያዙ። «ማቴዎስ፣ ክፉ መክሬህ አውቃለሁ?»

አያውቁም ነበር። አይ ጋሼ አልኩና ቦታዬ ሄጄ ተቀመጥኩ። አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ እንድትቆሙልኝ እፈልጋለሁ። በኋላ የሆነውን ስትሰሙ እንድታዝኑልኝ እንደምፈልግ አልደብቅም፤ ነገር ግን ያን «አይ ጋሼ» ያልኩት እኔ ነኝ። ደግሞ ስለው ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምሥጢር አካፍለውኛልና።

ኢንስፔክተሩ በዕድሜ የገፉ፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ከዲሬክተራችን ጋር ገብተው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ሱላሞ በጆሮዬ «ሁለት መቶውንም ሊደምሩ ነው እንዴ?» አለኝ። መሳቅ አልቻልኩም።

በመጨረሻ ዞረው ረጃጅሞቹን የሠራው ማነው ብለው ጠየቁ። ጋሼ ጴጥሮስ በኩራት ስሜን ጠሩ።

«አንተ ነህ ማቴዎስ? ለአዳሪ ትምህርት ቤት የታጨኸው?»

«አዎ ጌታዬ።»

«እስቲ ና፤ የ196ን የመጨረሻ መስመር እዚህ ደምርልን። ክፍሉንም ያዝናናል።»

ጠመኔውን ከጋሼ ጴጥሮስ እጅ ተቀበልኩ። ሁለቱን ቁጥሮች አንዱን ከአንዱ በታች ጻፍኩ። ከቀኝ ጀመርኩ። አንድና አንድ ሁለት። አንድና አንድ ሁለት። ቀጥሎ አምስትና አንድ ነው። እጄ ቆመ።

በዚያች ቅጽበት ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ አየሁ። ዲሬክተሩ ሰዓታቸውን ያያሉ። ሱላሞ አፉን ከፍቷል። ጋሼ ጴጥሮስ በመስኮቱ በኩል ቆመው እኔን ያዩኛል፤ ራሳቸውን እጅግ በጥቂቱ፣ ለሌላ ሰው በማይታይ መጠን ነቀነቁ። ስድስት ብጽፍ የሳቸው ወረቀት ሐሰት ይሆናል፤ በሁሉ ሰው ፊት ይዋረዳሉ። ሰባት ብጽፍ ደግሞ እሳቸው እንዳሉት ማንም አያይም።

ሰባት ጻፍኩ።

ዘጠኝና አምስት፤ አሥራ አምስት አልኩ፤ አምስት ጻፍኩና አንድ በእጄ ያዝኩ። የቀረው ትክክል ነበር። ሲያልቅ 227575722 ሰሌዳው ላይ ቆሞ ነበር። ክፍሉ አጨበጨበ።

ኢንስፔክተሩ አላጨበጨቡም። ከኪሳቸው መነጽር አውጥተው አደረጉ። «እኔም የድሮ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «ስንደምር ዘጠኝ ዘጠኙን እየጣልን ነበር የምናረጋግጠው። ከላይ ያለው አምስት ይቀረዋል። ከሥሩ ያለውም ያው ስለሆነ አምስት። አምስትና አምስት አሥር፣ ዘጠኙ ሲጣል አንድ። መልስህ አንድ መስጠት ነበረበት። ሦስት ይሰጠኛል።» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አምስትና አንድ ስንት ነው?»

«ስድስት።»

«እዚህ የጻፍከውስ?»

«ሰባት።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ዝም አለ። ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን በጣታቸው ነክተው፣ እዚህም ያው ሰባት ነው፣ ከየት የመጣ አንድ ነው ብለው ጠየቁ። መስኮቱ ጋ ወዳሉት ሰው አየሁ። እንዲናገሩ ጠበቅኩ። በልቤ እርግጠኛ ነበርኩ፤ በዚያ ጭቃ በእግራቸው የመጡልኝ ሰው ናቸው።

«እኔም አሁን ነው የማየው ጌታዬ» አሉ ጋሼ ጴጥሮስ። «ጎበዝ ተማሪ ስለሆነ አምኜው ነው የገለበጥኩት። ልጁ ለቦታው ከመጓጓቱ የተነሳ ይመስለኛል።»

መጀመሪያ የሰማሁት ነገር አልገባኝም ነበር። የገባኝ «ልጁ» ሲሉኝ ነው። ጠርተውኝ የሚያውቁት በስሜ ነበር።

ደብተሬ ላይ ትክክል ነው የሠራሁት አልኩ። ኢንስፔክተሩ ደብተሩ የት እንዳለ ጠየቁ። ትናንት ለጋሼ ሰጥቻቸዋለሁ አልኩ።

ጋሼ ጴጥሮስ ወለሉን አዩ። «ደብተር አልሰጠኝም» አሉ። «በቃል ነው የነገረኝ።»

ኢንስፔክተሩ ሁለታችንንም ተራ በተራ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። እውነቱን የጠረጠሩ ይመስለኛል። ነገር ግን ምን ያድርጉ? ሰባቱን የጻፍኩት በገዛ እጄ፣ በእሳቸው ፊት ነበር። «መሳሳት አያሳፍርም» አሉ። «ይህ ግን መሳሳት አይደለም፤ ቁጥሩ እንዲመለስ ተብሎ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ከመንግሥት ማዕድ ማስቀመጥ አልችልም።» ከዚያም ሁለተኛ የሚወጣው ማነው ብለው ጠየቁ። ሱላሞ ተነሥቶ ቆመ፤ ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም።

ቤት ስደርስ ለአባቴ ምንም ሳልናገር ጓሮ ገብቼ ተቀመጥኩ። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ሳስብ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋሼ ጴጥሮስ ራሳቸው መጡ። እውነቱን ሊናገሩ መጡ ብዬ ልቤ ዘለለ። አባቴ ከደጅ ተቀብሎ፣ የክብር ቦታ አስቀምጦ፣ ቆጮና አይብ አስቀረበ። እንግዳን የሚያስታጥብ የቤቱ ልጅ ነውና ማሰሮውን ይዤ ቀረብኩ። ውኃውን ሳፈስ እጃቸው ላይ፣ በጣቶቻቸው መሃል፣ ገና ያልለቀቀ የጠመኔ ዱቄት ነበር። ቀና ብለው አላዩኝም።

ከምግቡ በኋላ በተሰባበረ ሀዲይኛ ለአባቴ ነገሩት። ልጅ ነው፣ ጓጉቶ አንድ ስህተት ሠራ፤ ቦታው ለሌላ ተሰጠ። ከትምህርት ቤት ሊባረርም ነበር፣ እሳቸው ግን ለምነው አስቀሩት። አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ተነሣ፤ ሁለት እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ አጎነበሰ፣ እግዚአብሔር ይስጥዎት፣ ለልጄ ሁለት ጊዜ ደርሰውለታል አለ። እኔ ማሰሮውን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር።

ስሸኛቸው አጥሩ ጋ ቆሙ። «ሦስት ልጆች አሉኝ ማቴዎስ» አሉ። ሌላ ነገር የሚጨምሩ መስሎኝ ጠበቅኩ። አልጨመሩም። መስከረም ላይ ዱራሜ መሾማቸውን ሰማሁ።

አንድ ዓመት ከአባቴ ጋር መሬት ስቆፍር ከረምኩ። በኋላ ሶዶ የሚኖር አጎቴ ወሰደኝና እየሠራሁ ሁለተኛ ደረጃን ጨረስኩ። እንግዲህ በጠማማውም መንገድ ቢሆን ደርሻለሁ፤ ስለዚህ ጉዳቱ የቦታው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ባለፈው ወር የሒሳብ አስተማሪያችንን ስለ 196 ጠየቅኳቸው። ፈገግ አሉና፣ ሰዎች በማስሊያ መኪና ሳይቀር አስልተው እንዳልተመለሰላቸው፣ ጨርሶ ላለመመለሱም ማረጋገጫ ያገኘ እንደሌለ ነገሩኝ። ማንም አያውቅም ማለት ነው። ከክፍል ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼ ጴጥሮስ የፈሩት ባዶ ቦታ፣ በዓለም ያሉ አዋቂዎች ሁሉ ያልሞሉት ቦታ ነበር። «አልተመለሰም» ብለው ቢጽፉ ከሁለት መቶው ሁሉ የሚደነቀው እሱ ይሆን ነበር። ያን ቀን በጣም ተናደድኩባቸው፤ ከስድስት ዓመት በፊት ከነበረው ይልቅ። ይቅር ብያቸዋለሁ ብዬ ብጽፍ ደስ እንደሚላችሁ አውቃለሁ፤ ግን ገና ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰው ትከሻዬን ይዞ ክፉ መክሬህ አውቃለሁ ሲለኝ፣ አሁን የምትመክረኝን ንገረኝ ማለት ተምሬያለሁ። ሁልጊዜ አይሆንልኝም። አሁንም ሰው ደስ እንዲለው የምቸኩል ነኝ።

ወደ ዩኒቨርሲቲ በምመጣበት ዋዜማ፣ ዕቃዬን ስሸክፍ፣ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። አሃዞቹን መሬት ላይ በእንጨት እየጻፍኩ፣ የቱ ላይ ምን እንደተጨመረ አሳየሁት። አባቴ አሃዝ አያነብም፤ ግን ሁለቱን ቦታዎች በጣቱ ነክቶ፣ «እዚህና እዚህ?» አለ። አዎ አልኩት። ጋሼ ጴጥሮስን የሚረግም መስሎኝ ነበር። ጣቱ ላይ የቀረውን አፈር አራገፈ።

«እሱስ ባዳ ነው፤ ለልጆቹ ብሎ አደረገው» አለ በመጨረሻ። «አንተ ግን እዚያው ቆመህ ነበር። አጎንብሼ ሳመሰግነው እያየኸኝ ነበር።»

ተነሣና ላሞቹን ሊያስገባ ሄደ። እኔም መሬት ላይ የጻፍኩትን ቁጥር ማጥፋት አቅቶኝ እዚያው ቀረሁ።